ዘፋኙን ሸለምኩ፣ ዘፈኑ ቆመ

ስደታቸውን የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከሌሊት ይጀምራሉ፤ ውሻ ይጮኻል፣ እናት ታለቅሳለች፣ መኪናው መብራቱን አጥፍቶ ይጠብቃል። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። የጋምቤላው አውሮፕላን የሚነሣው ቀትር አካባቢ ስለሆነ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። በአውቶቡስ መሄድ እችል ነበር፤ ግን በሕይወቴ አንድ ጊዜ ባሮን ከላይ ማየት ስለፈለግኩ ለቲኬቱ ብዬ ስድስት ወር ሙሉ ምሳዬ ላይ ዓሣ ተውኩ። ይህን የምነግራችሁ እንደ ጀብዱ አይደለም። ያኔ የተውኩት ዓሣ አሁን ስለሚናፍቀኝ ነው።

እናቴን የተሰናበትኳት በዋዜማው አመሻሽ ላይ አቦቦ ነው። በቆሎው ማሳ ዳር ቆማ አገኘኋት።

«እማ፣ ነገ ልሄድ ነው።»

«ሰምቻለሁ» አለች። «እኛ ከወሎ ስንመጣ መኪና ላይ ጭነውን ወዴት እንደምንሄድ እንኳ አልነገሩንም። አንተ ቢያንስ የአገሩን ስም ታውቀዋለህ። ማን ነበር ያልከኝ?»

«ኪሱሙ። ኬንያ ነው።»

«ኪሱሙ» ብላ ሁለት ጊዜ ሞከረችውና «አፍ አያስቸግርም፤ ደህና አገር ይሆናል» አለች። ከዚያ ወደ አረሟ ተመለሰች። እኔም ያጎነበሰ ጀርባዋን እያየሁ ሄድኩ።

ይመር እባላለሁ። አቦቦ ተወለድኩ፣ ጋምቤላ ከተማ ሠራሁ። ሥራዬ ባጃጅ ላይ ጥቅስ መጻፍ ነበር፣ በብሩሽ። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የሱቅ ታፔላ እየገለበጥኩ፣ ካርቶን ላይ እየሞከርኩ ነው የለመድኩት። ስለዚህም ይሆናል ሕግ የማበዛው። ጥቅሱ ከስድስት ቃል መብለጥ የለበትም። የፊደሉ ቁመት አራት ጣት ነው። ባጃጁ ከፊትህ ሄዶ እስኪታጠፍ ድረስ ተነብቦ ማለቅ አለበት፤ ካላለቀ እሱ ጥቅስ ሳይሆን ደብዳቤ ነው። ጽፌ ስጨርስ ነጂውን «እስከ ድልድዩ ደርሰህ ና» እለዋለሁ፤ እኔ ጥላ ሥር ቆሜ አነባለሁ። ሳይነበብ ከታጠፈ አጥፍቼ እንደገና እጽፋለሁ።

«ሙቀቱ የአምላክ፣ ነፋሱ የኔ» የሚለው የኔ ነው። «ለሐሜት ወንበር የለኝም» የሚለውም። «አትቸኩል፣ ባሮም ተጠማዝዞ ይደርሳል» የሚለውን የጻፍኩት ከተማው ውስጥ በጣም ለሚቸኩለው ነጂ ነበር፤ ሰው አንብቦ ሳይጨርሰው ነው የሚያልፈው። ገበያው አፍ ላይ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ኡመር በራቸው ላይ ተቀምጠው ያለፈውን ባጃጅ ሁሉ ጮክ ብለው ያነባሉ። አንዳንድ ቀን ይጠሩኝና «የትናንትናው አልጣመኝም፣ አጥፋው» ይሉኛል። እንግዲህ ከተማዬ ይህች ናት። ሰው ወደ ሥራው ሲሄድ አንብቦ ለብቻው የሚስቅባት።

ከዚያ የስቲከር ማሽን መጣ። እኔ ግማሽ ቀን የሚፈጅብኝን ማሽኑ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይቆርጠዋል። ወራት አልፈው ወራት ሲተኩ ብሩሼ መድረቅ ጀመረ። በዚያው ሰሞን ነው ኦኬሎ ከኪሱሙ ድምፅ የላከልኝ። ኦኬሎ አኙዋ ነው፤ አቦቦ በአንድ ዛፍ ማንጎ እየሰረቅን ነው ያደግነው። የእነሱን ቋንቋ የማውቀውም ከእሱና ከእናቱ ነው። «እዚህም ባጃጅ ሞልቷል» አለኝ። «ቱክቱክ ነው የሚሉት። ሰዎቹ ሉዎ ናቸው፤ ቋንቋቸው የኛ ዘመድ ነው። እጅህን ይዘህ ና።»

አሁን ስለ አሪየት ልንገራችሁ፤ ያለ እሷ ይህ ጽሑፍ የአውቶቡስ ዝርዝር ብቻ ነው የሚሆነው።

አሪየት በአንድ ቢሮ መዝገብ ቤት ትሠራለች፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ከቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ጋር ኒሙ ዛፍ ሥር ትለማመዳለች። እኔ ቅዳሜ የሚቀባ ባጃጅ ካለኝ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ወዲህ አስቆመዋለሁ። ነጂው «ለምን እዚህ ድረስ?» ሲለኝ «ቀለም በጥላ ሲደርቅ ነው የሚያምረው» እለዋለሁ። ሦስት ዓመት እንዲህ አልኩ። ከበሮው፣ ጭብጨባው፣ አንዱ ሽማግሌ በአውራ ጣቱ የሚመታት ቶም የሚሏት ባለ ብረት ምላስ ትንሽ የሙዚቃ ሣጥን፣ ድምፃቸው ተሳስቶ ሲስቁ፤ ይህን ሁሉ ብሩሼን ይዤ ሰማሁ። ልምምዱ ሲያበቃ አሪየት ትወጣና የጻፍኩትን ታነባለች። አስተያየቷ አጭር ነው። «ይሄ ጥሩ።» «ይሄ ውሸት።» አንድ ቀን «አንተ ሁሉን ትጽፋለህ፤ አትናገርም» አለችኝ። እውነቷን ነው። በሁለታችንም ቤት ብዙ «ግን» ነበር። የእኔ እናት ትሰግዳለች፣ የእሷ አባት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነው። እኔ ደገኛ እባላለሁ፣ እሷ የአገሩ ልጅ ናት። እኔ ደግሞ «ግን» ያለበት ዓረፍተ ነገር መጀመር የማልችል ሰው ነኝ።

በሄድኩበት ቀን ከቢሮ አስፈቅዳ መጣችና ኮንትራት በያዝኩት ባጃጅ አብራኝ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሄደች። ግማሽ መንገድ ሄድን። ከዚያ ፊቷን ሳታዞር፦

«ይመር፣ የምትነግረኝ ነገር አለ?»

«አለ» አልኩ። ከዚያ አፌ የለመደውን አመጣ። «የሄደ ሁሉ አይርቅም፣ የቀረ ሁሉ አይቀርብም።»

ወደ እኔ ዞረች።

«ይሄ የሐጂ ኡመር ልጅ ባጃጅ ላይ ነው ያለው» አለች። «ማክሰኞ ተሳፍሬበት ገበያ ሄጃለሁ። የመጨረሻው ፊደል ተልጧል።»

ነጂው መሪው ከእጁ ሊያመልጥ እስኪደርስ ድረስ ሳቀ። «እህቴ፣ የኔን ደግሞ አንብቢለት፣ እሱንም ይንገርሽ!»

«እኔ የጠየቅኩት አንተን ነው» አለችኝ፤ «ባጃጁን አይደለም።»

ስንደርስ ለነጂው ሒሳቡን ቆጠርኩለት። ቦርሳዬን ተሸክማ እስከ በሩ አደረሰችኝ፣ እጄን ጨበጠችኝ፣ ሄደች። ከአውሮፕላኑ መስኮት ባሮን አየሁት፤ ቡናማ ነው፣ ሰው ጥሎት የሄደ ገመድ ይመስላል። ሃያ ሰከንድ ያህል እንዳየሁት ክንፉ ሸፈነው። ለዚህ ነበር እንግዲህ የስድስት ወሩ ዓሣ።

ከአዲስ አበባ ሞያሌ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ነው። ብርዱን ጋምቤላ ላላችሁ ማስረዳት አልችልም፤ ሰው አውቶቡስ ውስጥ ጃኬት ለብሶ ተኝቶ ጥርሱ ይንገጫገጫል። እኔ አንድ ሸሚዝ ነበረኝ። ከጎኔ የተቀመጡ እናት «ልጄ፣ ከየት ነው የመጣኸው እንዲህ ራቁትህን?» ብለው ነጠላቸውን ገምሰው አለበሱኝ። የቆምንበትን ከተማ ሁሉ ከነሰዓቱ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሲመለሱ መንገድ እንዳይጠፋ ይመስለኛል።

ድንበሩ ላይ የኬንያው ሹም የዚያው የሞያሌ አካባቢ ልጅ ስለሆነ አማርኛ ይሞክራል። ፓስፖርቴን ገለበጠው፣ ፊቴን አየ።

«ሥራህ ምንድነው?»

«ጥቅስ እጽፋለሁ።»

«ፓስተር ነህ?»

«አይደለሁም። ባጃጅ ላይ ነው የምጽፈው። ቱክቱክ።»

ማህተሙን አስቀመጠው። «ቱክቱክ ጀርባ ላይ ትጽፋለህ። ለምን?»

«ከኋላ ያለው ሰው እንዲያነበው።»

«ከኋላ ያለው ሰው መንገዱን ነው ማየት ያለበት!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነበር፤ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ይህን አስቤ አላውቅም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እስቲ አንድ በለኝ» አለኝ። «አትቸኩል፣ ወንዝም ተጠማዝዞ ይደርሳል» አልኩት። ከኋላዬ ያለውን ሰልፍ በጣቱ አሳየኝ። «ለእኔ ሳይሆን ለእነሱ ንገራቸው» ብሎ ማህተሙን መታ።

ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ግመል፣ ጥቁር ድንጋይ፣ አስፋልት፣ ናይሮቢ። በናይሮቢ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ አለ፤ ከላይ እስከ ታች ተጽፎበታል፣ ተሥሎበታል፣ ሙዚቃው ደረት ይመታል። ቆሜ ሳነብ የራሴ መኪና ሊያመልጠኝ ነበር። ኬሪቾ ላይ የሻይ ተክል አየሁ፣ ኮረብታው ሁሉ በመቀስ የተከረከመ ይመስላል፤ በአገራችን ሻይ ያለበትን የጎሬን መንገድ አስታወሰኝና በመስኮት በኩል ያለ ምክንያት እጄን አወዛወዝኩ። ኪሱሙ ከሰዓት ደረስኩ። ከተማዋ ትልቅ ሐይቅ አጠገብ ናት፤ ሐይቁ ዳር የለውም። ባሮ ላይ ማዶ ልብስ የሚያጥብ ሰው ታያለህ፣ ሰላም ትለዋለህ። እዚህ ግን ማዶ የሚባል ነገር የለም።

ኦኬሎ ኛለንዳ በሚባል ሰፈር ክፍል ፈልጎልኝ ነበር። አከራያችን ማማ አቲየኖ ናት። ሰፊ ሴት ናት፣ ሁልጊዜ አንድ ዶሮ በክንዷ ሥር አለ። በእንግሊዝኛም፣ በስዋሂሊም፣ በሉዎም ቀላቅላ ነው የምታወራው፤ ኦኬሎ ያስተረጉማል።

«ኢትዮጵያዊ ነው? ሯጭ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምን አመጣኸው?» አለችው። ከዚያ ወደኔ ዞራ ሕጓን ዘረዘረች። «ዶሮዎቼን አትርገጥ። በሩን አትደብድብ። ሬዲዮ ስሰማ አታናግረኝ።»

«ሬዲዮ መቼ መቼ ነው የሚሰሙት?» ብዬ አስጠየቅኩ።

«ሁልጊዜ።»

አንገቴን ነቀነቅኩ። ጉሮሮዬ ደርቆ ነበርና ሳላስበው ለኦኬሎ እናት እንደምለው «ፒ» አልኩ። ውሃ ማለት ነው። ማማ አቲየኖ ዶሮዋን ለቀቀቻት።

«ይህ ሰው ይህን ቃል ከየት አመጣው?»

«ከሠፈራችን» አላት ኦኬሎ። «የኛም ውሃ ፒ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጧት ጧት ትፈትነኛለች። እሳት እያሳየች «ምንድነው?» ትላለች፤ «ማች» እላለሁ። «ና» ስትለኝ «ቢ» ነው፤ እሱንም አውቀዋለሁ። ከወሎ የመጣ ሰው ልጅ፣ በአቦቦ ጎረቤት ቋንቋ፣ ኬንያ ውስጥ ተግባባሁ። እናቴ ብትሰማ ምን እንደምትል አስባለሁ። ሰዓታቸውም እንደኛው ነው! በስዋሂሊ «ሳ ሞጃ» ማለት አንድ ሰዓት ነው፣ የጧቱ የኛው አንድ ሰዓት። ይህን ያወቅኩ ቀን ሰዓቴን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አደመጥኩት፣ ልክ የአገሬን ሰው እንዳገኘሁ ሁሉ።

ምግቡስ? ዓሣ አለ፣ ተመስገን። ግን በዘይት ጠብሰው ከነጭንቅላቱ ነው የሚያቀርቡት፣ ከኡጋሊ ጋር። ኡጋሊ ማለት ገንፎ ነው፤ መሐሉ ላይ የቅቤና የበርበሬ ጉድጓድ የሌለው ገንፎ። ነጭ ሆኖ ይመጣል፣ ነጭ ሆኖ ያልቃል። የመጀመሪያ ሳምንት በጣቴ መሐሉን አጎድጉጄ ሳየው ማማ አቲየኖ «ምን ጠፋብህ?» አለችኝ።

ሥራ አገኘሁ። ቱክቱክ ላይ እጽፋለሁ፤ ፊደሉ አሁንም አራት ጣት ነው። ግን ወረቀት ላይ ጽፈው የሚሰጡኝን ነው የምገለብጠው፤ ግማሹ ትርጉሙ አይገባኝም። የማያውቁትን ቃል አሳምሮ መጻፍ፤ ስደት ምንድነው ብትሉኝ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ጽፌ ስጨርስ ጥላ ሥር ቆሜ ሰው ሲያነብ አያለሁ፣ ሰው ሲስቅ እስቃለሁ፣ ምን እንዳሳቃቸው ማታ ኦኬሎን እጠይቃለሁ። የሥራ ፈቃድ ለማግኘት አመልክቻለሁ። ቢሮው ውስጥ ያለችው ሴት ትሁት ናት። «ጠብቅ» ትላለች። ፈቃዱ ሳይወጣ ከአገር ከወጣሁ ማመልከቻው ይሰረዛል ብላኛለች።

በኅዳር አሪየት ድምፅ ላከችልኝ። አራት ጊዜ ሰማሁት።

«ይመር፣ ደህና ነህ? አንድ ሰው ሽማግሌ ልኳል። አውስትራሊያ ነው የሚኖረው፣ ለእረፍት ነው የመጣው። ጥሩ ሰው ነው። አያቴን በስሟ ጠርቶ ሰላም አላት። መልስ ከገና በፊት ነው የሚፈልጉት። ይሄን ለምን እንደምነግርህ ታውቃለህ። ጥሩውን ሰው ዝም ለሚል ሰው ብዬ እምቢ ማለት አልችልም።»

ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። እንደገና ጻፍኩ። በመጨረሻ ምን እንደላክሁ ለመናገር አፍራለሁ፣ ግን እውነቱን ለመጻፍ ነው የተቀመጥኩት። «ፈጣሪ የተሻለውን ያድርግ» ብዬ ላክሁ። አነበበችው። መልስ አልመጣም።

ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ኦኬሎ ጠባዬን አይቶ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት «ተነሥ፣ ዘፈን ልትሰማ ነው» አለኝ። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚበላበት ግቢ አለ፤ ማንጎው ሥር ሰው ክብ ሠርቶ ተቀምጧል። ማማ አቲየኖ ቀይ ቀሚሷን ለብሳ ቀድማን ደርሳለች፣ ዶሮዋን ቤት ትታ። መሐል ላይ አንድ ሽማግሌ አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ኛቲቲ ይመታል። ኛቲቲ ክራር ትመስላለች፤ ክሮቿን ቆጠርኩ፣ ስምንት ናቸው። ሰውዬው በትልቁ የእግሩ ጣት ላይ የብረት ቀለበት አድርጎ እንጨቷን ከሥር ይመታታል፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለው ቃጭልም አብሮ ይንቀጫቀጫል። አንድ ሰው ሆኖ ሦስት ሰው ነው። ዜማው ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ልክ ሊወድቅ ሲል በዚያ ቀለበት መትቶ ያነሣዋል። ሦስተኛ ጊዜ ሲያነሣው መቀመጥ አቃተኝ።

ተነሣሁ፣ ከኪሴ ብር አወጣሁ፣ ሄጄ ግንባሩ ላይ ለጠፍኩለት።

አገር ቤት ያላችሁ «ታዲያ ምን አለበት?» ትላላችሁ። ሰው ሲያስደስትህ ግንባሩ ላይ ትለጥፍለታለህ፣ ትከሻህን ሁለቴ ትነቀንቃለህ፣ ወደ ቦታህ ትመለሳለህ፤ ዘፈኑ ይቀጥላል፣ እንዲያውም ይሞቃል። እኔም ትከሻዬን ነቀነቅኩ።

ዘፈኑ ቆመ።

ሽማግሌው ብሩን ከግንባሩ ላይ በዝግታ ላጠው፣ ግራ ቀኝ አየው፣ ለምን እዚያ እንዳስቀመጥኩት ያልገባው ይመስላል። ከዚያ በአገጩ ወደኔ አመለከተ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ምን አጠፋሁ?» አልኩት ኦኬሎን።

«ምንም። ተናገር።»

«ምን ልናገር?»

«እዚህ ለዘፋኝ ገንዘብ ከሰጠህ አቁም፣ እኔ የምለው አለኝ ማለት ነው። ፓክሩኦክ ይሉታል። ማን እንደሆንክ፣ ከየት እንደመጣህ፣ ማንን እንደምትወድ ትናገራለህ። ከዚያ እሱ በዘፈኑ ያነሣልሃል።»

«እኔ ሸለምኩት እንጂ…»

«እዚህ መሸለም የለም፣ መናገር ነው ያለው።»

«ይቀጥል በለው። ይቅርታ በልልኝ።»

«ሰው ሁሉ ፊት?» አለ ኦኬሎ። ማማ አቲየኖ ከወዲያ ጮኸች፤ ኦኬሎ እየሳቀ አስተረጎመ። «ውሃ መለመን የሚያውቅ አፍ ስሙን መናገር አያቅተውም ትላለች። በአማርኛ በለው፣ እኔ አለሁ።»

በአእምሮዬ ደብተሬን ገለጥኩ። ስንት ጥቅስ ጽፌያለሁ! አንዱም ለዚህ የሚሆን አልነበረም፤ ሁሉም ለሚያልፍ ሰው የተጻፉ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ቆመው እየጠበቁኝ ነው።

«ይመር ነኝ» አልኩ። «የአቦቦ ልጅ።»

ኦኬሎ አስተላለፈ። «ጃ-አቦቦ!» አሉ ሰዎቹ። የአቦቦ ሰው ማለት ነው። እንዲህ ብሎ የጠራኝ ሰው በሕይወቴ አልነበረም።

«ወላጆቼ የመጡበትን አገር አላየሁትም። በተወለድኩበት አገር ደግሞ ከየት ነህ ይሉኛል።» ኦኬሎ እስኪያስተላልፍ ጠበቅኩት። «እኔ የማውቀው አንድ አጥር ነው። ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ልጅ ትዘምራለች። አሪየት ትባላለች። ቀለም በጥላ ሲደርቅ ነው የሚያምረው እያልኩ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ዋሽቻለሁ። ቀለም የሚደርቀው በፀሐይ ነው። እኔ እዚያ የቆምኩት ለእሷ ነው።»

ኦኬሎ ይህችን ሲያስተረጉም ሁለቴ ጀመራት። ከዚያ ግቢው ፈነዳ። ማማ አቲየኖ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ደበደበችው፣ «በሩን አትደብድብ» ያለችውን ረስታ። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ፣ ቀለበቱን እንጨቷ ላይ መታ፣ ጀመረ። ምን እንደዘፈነ ሁሉንም አልሰማሁም፤ አንድ ቃል ብቻ ነበር የምሰማው። አሪየት። አንዴ ዝቅ፣ አንዴ ከፍ፣ ሐይቁ ላይ። እሷን በዓይኑ አይቷት የማያውቅ ሰው።

ወደ ቤት ስንመለስ ኦኬሎ ዓይኑን ከስልኩ አልነቀለም። ነገሩ አላማረኝም።

«ቀርጸኸኛል አይደል?»

«ትንሽ።»

«ለማን ላክኸው?»

«ለወንድሜ ብቻ።»

«ወንድምህ ጋምቤላ ነው ያለው!»

«ታዲያ ሞምባሳ ነው ልልህ ነው?» አለኝ። ትንሽ ከሄድን በኋላ ግን ቆም አለ። «ስማ፣ ይመር። ለኪሱሙ ሰው ሁሉ ነገርክ። ለእሷ ግን አልነገርካትም። ቪዲዮ መንገር አይደለም።»

በማግሥቱ እሑድ ከሰዓት ደወልኩ። ማማ አቲየኖ ሬዲዮዋን ይዛ ወደ ጓሮ ሄደች፤ እንዲህ ያለ ነገር አድርጋ አታውቅም። ከአራት ጊዜ ጥሪ በኋላ ተነሣ።

«አሪየት፣ ይመር ነኝ።»

«አውቃለሁ።» ከኋላዋ ሰው ያወራል፣ አንድ ሰው ከበሮ ያጠብቃል። ለገና እየተለማመዱ ነው።

«ቪዲዮውን…»

«አይቻለሁ። ቢሮ ያሉት አይተዋል። ሐጂ ኡመር አይተዋል፣ ሁለት ጊዜ። አባቴም አየ።»

«ምን አለ?»

«‹ለካ ለዚህ ነው የአጥራችን እግር ሁሉ ቀለም የሆነው› አለ። ሌላ ነገር አልተናገረም።» ልትስቅ ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ አልሳቀችም። «አንተ ለማያውቁኝ ሰዎች ነገርክ። እኔ ከሰው ስልክ ነው የሰማሁት።»

«ለዚህ ነው የደወልኩት።»

«በል እሺ።»

ወረቀት አልያዝኩም ነበር። «እወድሻለሁ» አልኳት። «እዚያ እያለሁ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር፣ ፈራሁ። ሰውዬው ጥሩ ሰው እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ለሽማግሌዎቹ እምቢ እንድትዪ እፈልጋለሁ። እንድትጠብቂኝ እፈልጋለሁ።» «ግን» ያለበት ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ተናግሬ ስጨርስ ነው ያወቅኩት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ ሰከንዶቹ ይቆጠራሉ።

«ቅዳሜ ይመጣሉ» አለች በመጨረሻ። «‹ሰው አለኝ፣ እጠብቀዋለሁ› ልላቸው እችላለሁ። አባቴ አይጮህም። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀኝ፣ እስከ መቼ? ምን ልበለው?»

ከኪሱሙ ጋምቤላ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አውቃለሁ፤ አውቶቡሱ የት ቆሞ ስንት ደቂቃ እንደሚያርፍ ሁሉ ጽፌዋለሁ። ፈቃዱ መቼ እንደሚወጣ ግን አላውቅም፤ ቢወጣስ መቼ ሰው ሆኜ እንደምመለስ፣ ብሩሽ ብቻ ይዤ በአባቷ በር እንዳልቆም መቼ እንደምበቃ አላውቅም። ፋሲካ ልላት እችል ነበር። መስከረም ልላት እችል ነበር። ሰው እንዲህ ነው የሚለው፤ እኔም ብዙ እናቶች በዚህ ቃል ሲኖሩ አይቻለሁ።

«አላውቅም» አልኳት።

«አላውቅም?»

«አላውቅም። ቀን ብነግርሽ ውሸት ነው የሚሆነው።»

አልተቆጣችም። «ይመር» አለችኝ፣ ስሜን ብቻ፣ ሌላ ነገር ሊከተለው ያለ ይመስል። ከኋላዋ አንዲት ሴት ጠራቻት። «ጀመሩ፣ ልግባ» አለች። ስልኩን ግን አልዘጋችውም። እንጨት ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ፣ እግሯ ሲርቅ ሰማሁ።

ከበሮው ገባ። ጭብጨባው ገባ። መዘምራኑ አሥራ አራት ናቸው፤ የእሷን ድምፅ ከሁሉም ለይቼ አውቀዋለሁ፣ ከእንቅልፌ ብቀሰቀስም አልስተውም። ጓሮ ያለው ሬዲዮ እንዳይረብሸኝ አንዱን ጆሮዬን በመዳፌ ደፍኜ በሌላው ፈለግኳት። የወንዶቹን ሰማሁ። በግራ በኩል የሚቆሙትን የሁለቱን እህትማማቾች ሰማሁ። የእሷን አጣሁት። ዝም ብላ ቆማ ይሆን፣ ስልኩ ርቆባት ይሆን፣ ወይስ እኔ ረስቼው ይሆን አላወቅኩም።

አሪየት ስትዘምር ሁልጊዜ ከሌሎቹ ትንሽ ዘግይታ ነው የምትገባው። ጠበቅኩ።